ቆዳው ጠራ፤ ውሃውስ?



የዓረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ የሚሰማ ጥሪ አለ። በጉ ታርዶ፣ ሥጋው ተከፋፍሎ፣ የድሃውና የጎረቤቱ ድርሻ ከተላከ በኋላ ሌጦ ሰብሳቢው በአጥራችን ሥር እየተጣራ ያልፋል። አንዳንዶቻችን ሌጦውን ለመስጊድ ወይም ለመድረሳ እንሰጣለን። ሌሎቻችን ደግሞ ለድሃ ሰጥተን እርሱ እንዲጠቀምበት እናደርጋለን። የኡድሒያን ሌጦ ሸጦ ዋጋውን ለራስ ማድረግ እንደማይገባ ዑለማዎቻችን ስላስተማሩን በዚህ በኩል ጥንቃቄያችን የሚያስመሰግን ነው። ሌጦው ከበራችን ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ግን ጠይቀን አናውቅም። ይህ ጽሑፍ ያንን ሌጦ ተከትሎ ለመሄድ የተነሣ ነው። በመንገዱ መጨረሻ የምናገኘው ጫማና ቦርሳ ብቻ አይደለም፤ ውሃም እናገኛለን። ውሃውም እያንዳንዳችንን የሚመለከት አንድ ጥያቄ ይዞ ይጠብቀናል።

ቆዳን የሚያጠራ ሥራ

በእስልምና ቆዳ ማልፋት የተናቀ ሥራ አይደለም። በአገራችን «ፋቂ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ስንት ባለ እጅ ሲያዋርድ እንደኖረ የምናውቅ ሰዎች ይህንን ማስታወስ ይገባናል። እናታችን መይሙና (ረ.ዐ.) ነፃ ላወጣቻት ሴት በሶደቃ የተሰጠች አንዲት በግ ሞተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአጠገቧ ሲያልፉ ሰዎቹ ለምን በቆዳዋ እንዳልተጠቀሙ ጠየቋቸው። «በክት እኮ ናት» የሚል መልስ በሰጧቸው ጊዜ የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን ነገሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። በሌሎች ዘገባዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ቆዳ ውሃና «ቀረዝ» እንደሚያጠሩት ተመልክቷል። ቀረዝ ከግራር ዓይነት ዛፍ የሚገኝ የቆዳ ማልፊያ ነው። የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀብ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው የበክት ቆዳ ሲለፋ ጦሃራ እንደሚሆን አስተምረዋል። እንግዲህ ማልፋት ማለት ሊጣል የነበረውን ከብክነት የሚያድን፣ ነጃሳውንም የሚያጠራ የተባረከ ሥራ ነው ማለት ነው።

ዘመናችን ግን የግራሩን ቦታ ለሌላ ነገር ሰጥቶታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ቮክላን እ.ኤ.አ. በ1797 አንድ አዲስ ብረት አገኘ። ውሁዶቹ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ እየሆኑ ስለሚታዩ በግሪክኛ «ቀለም» ከሚለው ቃል ተወስዶ ክሮሚየም የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1884 አውጉስተስ ሹልትዝ የተባለ ሰው በአሜሪካ ቆዳን በክሮሚየም የማልፋት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በዛፍ ቅርፊት ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታትና በቀናት የሚያልቅ ሆነ። ቆዳውም ለስላሳ፣ ሙቀትና እርጥበት የሚችል ሆኖ ወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ መንገድ የሚለፋ ነው። የእኛም የዓረፋ ሌጦ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠጉሩ የተነሣለት ሌጦ ውሃና የክሮሚየም ጨው ወዳለበት ትልቅ የሚሽከረከር በርሜል ይገባል። ሲወጣ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ነጋዴዎቹም «ዌት ብሉ» ይሉታል። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ቆዳው ከተጨመረለት ክሮሚየም ከመቶ 60 ወይም 70 እጁን ብቻ ነው የሚወስደው። የቀረው በውሃው ውስጥ ይቀራል። ከበርሜሉ የሚወጣው ውሃ በእያንዳንዱ ሊትር ጥቂት ግራም ክሮሚየም ይዞ ይወጣል። «ጥቂት ግራም» ሲባል ቀላል ይመስላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን ግን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ስሌቱን እንሥራው። አንድ ግራም ክሮሚየም ብቻውን 20 ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃን ወደዚያ ወሰን ያደርሳል።

ስለዚህ ቆዳው ጠራ። ከእርሱ ጋር ወደ በርሜሉ የገባው ውሃ ግን ምን ሆነ?

በወንዙ ዳር

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዘመድ ልጠይቅ ወደ አቃቂ ወርጄ ነበር። የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽም ከሌሎች ፋብሪካዎችና ከመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ ጋር ሲገባባቸው ኖሯል። በዳርቻቸው የሚበቅለው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ወደ መሐል ከተማ ገበያ ይወጣል። ተመራማሪዎች በተለያዩ ጊዜያት ባደረጉት ምርመራ በውሃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል።

በዚያ አትክልት የሚያለሙ አንድ አዛውንት አገኘሁ። የዙህር ሶላት ደርሶ ነበርና ከጀሪካን እየቀዱ ዉዱእ ያደርጋሉ። ወንዙ ከእግራቸው ሥር እየፈሰሰ ከሩቅ የመጣ የቧንቧ ውሃ መጠቀማቸው አስገርሞኝ «አባባ፣ ወንዙ እያለ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ለዉዱእ አይሆንም» አሉኝ።

«ለጎመኑስ?»

«ጎመን አይሰግድም» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን በቁም ነገር አስረዱኝ። ውሃውን ዝም ብለው አይለቁትም። ጠዋት ጠዋት ያዩታል። ቀለሙ ተለውጦ ወይም ሸትቶ ከመጣ የቦዩን አፍ በአፈር ይዘጋሉ። ጠርቶ ሲመጣ ይከፍታሉ። «ዓይኔ ነው ዳኛዬ» አሉኝ። ስለያቸው አንድ እስር ቆስጣ በእጄ አስያዙኝ። ለልጆች ብለው ነው።

ያንን ቆስጣ ቤቴ አደረስኩት። ስለ ወንዙ የተጻፈውን አንብቤ ስለነበር ለልጆቼ አላበላሁትም። ለእኚያ አባት ግን ያወቅሁትን አልነገርኳቸውም። የልጅ ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያው መደብ ነው። ይህንን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የውሃው ነገር ብቻ ሳይሆን የገዛ ዝምታዬም ነው።

ዓይን ዳኛ በማይሆንበት ጊዜ

አዛውንቱ የተሳሳቱ መስሎ ከታየን እኛው ነን የተሳሳትነው። ሲሠሩበት የነበረው ከመድረሳ የተማሩትን ነው። የፊቅህ መጻሕፍት ውሃ ተበክሏል የሚባለው ከቀለሙ፣ ከጣዕሙ ወይም ከሽታው አንዱ በነጃሳ ሲለወጥ እንደሆነ ያስተምራሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሃው ሁለት ቁላና ከዚያ በላይ ከሆነ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ካልተለወጠ በቀር ነጃሳ አይባልም። ይህ ድንጋጌ ጥበብ ያለበት ነው። ማንኛውም ሙእሚን፣ ያልተማረውም እረኛ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ሊቅ ውሃውን ራሱ እንዲለይ ያስችለዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በዲኑ ላይ ችግር እንዳላደረገብን ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ነገር ግን ሦስቱ ምልክቶች የሚመልሱት አንድ የታወቀ ጥያቄን ነው። ይህም «ውሃው ጦሃራ ነው ወይስ ነጃሳ?» የሚለው ነው። «ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መርዝ ሁሉ ነጃሳ አይደለም፤ ነጃሳ ያልሆነ ነገር ሁሉም አይጠጣም። ይህንን ልዩነት የዘመናችን ዑለማዎች በሚገባ አይተውታል። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ተጣራ የፍሳሽ ውሃ በወሰነው ውሳኔ፣ ውሃው ተጣርቶ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ጦሃራ መሆኑን ተቀብሏል። በጤና ላይ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ግን መጠቀሙ መተው እንዳለበት አመልክቷል። የመተዉ ምክንያት ነጃሳነት ሳይሆን ጉዳትን መከላከል ነው። አንዱን ጉዳይ የጦሃራ ምዕራፍ ይመልሰዋል፤ ሌላውን ደግሞ ጉዳትን የሚከለክለው ታላቁ የሸሪዓ መሠረት ይመልሰዋል።

ክሮሚየም የሚገኘው በዚህ ሁለተኛው በር በኩል ነው። ከፋብሪካው በር ላይ ብዙ ሆኖ ሲወጣ ውሃውን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያደርገዋል። በወንዙ ሲቀጥን ግን ቀለም የለውም፤ ሽታና ጣዕምም የለውም። ከወሰኑ ብዙ እጥፍ ያለፈ ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። አዛውንቱ ቦዩን የሚከፍቱለት ንጹሕ የመሰላቸው ውሃ ይህን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የሞራል ጥያቄው የሚለወጠው። ጉዳት ምልክት በነበረው ጊዜ ዓይን፣ ምላስና አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ ለራሱ ዳኛ ነበር። ጉዳት ምልክት ሲያጣ ግን ዳኝነቱ መሣሪያ ወዳለው ሰው ይሄዳል። የፋብሪካው ኬሚስት፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው፣ ናሙና ቀድቶ የመረመረው ተማሪ ሁሉ ሌላው ሰው የማያየውን አይተዋል። ያዩትም ነገር ሸሃዳ ነው፤ ምስክርነት ነው። ምስክርነትን መደበቅ የልብ ወንጀል መሆኑን ቁርአን አስተምሮናል። በመሳቢያ ተቆልፎ የሚቀር የምርመራ ውጤት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተበላ አማና ነው።

«የእኛው ደግሞ የማይጎዳው ነው»

ይህን ጉዳይ ስናነሣ ከባለሙያዎች የሚሰማ አንድ መልስ አለ፤ በፍትሕ ልናየው ይገባል። ክሮሚየም አንድ ዓይነት አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። በዋናነት ሁለት ዓይነት አለ፦ ክሮሚየም ሦስትና ክሮሚየም ስድስት። ለቆዳ ማልፊያ ዛሬ በሰፊው የሚያገለግለው ክሮሚየም ሦስት ሲሆን ወደ ሰውነት ሕዋስ በቀላሉ ስለማይገባ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። አደገኛው ክሮሚየም ስድስት ነው። በውሃ ውስጥ የሚይዘው ቅርጽ ሰውነታችን ከሚፈልገው ከሰልፌት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሕዋሱ እንደ እንግዳ ተቀብሎ በሩን ይከፍትለታል፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ጉዳት የሚያደርሰው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ክሮሚየም ስድስትን እ.ኤ.አ. በ1990 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል። ያኔ ዋናው ማስረጃ በፋብሪካ አየር የተነፈሱት ሠራተኞች የሳንባ ካንሰር ነበር። በ2008 ደግሞ በአሜሪካ በተደረገ የመንግሥት ጥናት ክሮሚየም ስድስት ያለበት ውሃ የጠጡ አይጦች በአፍና በአንጀታቸው ዕጢ አውጥተዋል።

ታዲያ «የእኛው ክሮሚየም ሦስት ነው» ማለት ነፃ ያወጣል ወይ? አያወጣም። ክሮሚየም ሦስት ከወጣ በኋላ ባለበት አይቆይም። በአፈር ውስጥ የማንጋኒዝ ማዕድን ሲያገኝ ከፊሉ ወደ ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ዝቃጩ ሲቃጠል ይለወጣል። ውሃ ለማከም የሚጨመር ክሎሪንም ሊለውጠው ይችላል። በሬውን ከበረት አውጥቶ የለቀቀ ሰው፣ በሬው የጎረቤቱን አዝመራ ሲበላ «እኔ ስለቀው ጠግቦ ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? ባለቤትነት በበር ላይ አያበቃም። ነገሩ ሄዶ ሊሆን የሚችለውን እያወቁ መልቀቅም የሥራው አካል ነው።

ማስወገድ ማለት ምን ማለት ነው?

ይህን ነገር ከውሃ ማውጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ዘዴውም ምሥጢር አይደለም። ክሮሚየም ስድስት ካለ በመጀመሪያ ውሃው አሲድ እንዲሆን ተደርጎ የብረት ጨው ወይም ሌላ የታወቀ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ስድስቱ ወደ ሦስት ይመለሳል። ቀጥሎ ኖራ ተጨምሮ አሲድነቱ ሲጠፋ ክሮሚየም ሦስቱ እንደ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ውሃው ከላይ ይቀራል። ኖራው ከልክ ካለፈ ጭቃው ተመልሶ ይሟሟልና ሥራው ልክ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረውን ጥቂት ክሮሚየም በልዩ ማጣሪያዎች መያዝ ይቻላል። ተመራማሪዎች የቡና ገለፈትን የመሰለ ርካሽ ነገር ክሮሚየም እንዲይዝ ሞክረው ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አግኝተዋል። በቤታችን የምናደርገው ግን አይረዳም። ማፍላት ተሕዋስን ይገድላል እንጂ ክሮሚየምን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ክሮሚየም በቀረው ውሃ ውስጥ ይበዛል። በነጠላ ማጥለልም ከንቱ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ክሮሚየሙ አልጠፋም። ንጥረ ነገር ነውና አይቃጠልም፣ አይበሰብስም። የሆነው ነገር ከውሃው ወጥቶ ወደ ጭቃው መግባቱ ብቻ ነው። ሐነፊዮች ነጃሳ ወደ ሌላ ነገር ፈጽሞ ሲለወጥ ጦሃራ ይሆናል ይላሉ፤ ኢስቲሓላ ይሉታል። ወይን ጠጅ ኮምጣጤ ሲሆን እንደሚታየው ማለት ነው። የክሮሚየም ለውጥ ግን ሄዶ የሚመለስ ለውጥ ነው። ዛሬ ሦስት የሆነው ነገ ስድስት ሊሆን ይችላል። ጭቃው ሜዳ ላይ ከተጣለ ዝናብ አጥቦ ወደዚያው ወንዝ ይመልሰዋል።

ስለዚህ «ማስወገድ» የምንለው ቃል ያታልለናል። ከዓይን ማራቅንና ማስወገድን አንድ አድርገን እናያለን። እውነቱ ግን ይህ ቆሻሻ አይጠፋም፤ ተሸካሚ ብቻ ይለዋውጣል። የሞራሉም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ማን ይሸከመው?

ከባንግላዴሽ የምንማረው

ይህንን የሚያሳይ ምሳሌ ከአንድ የሙስሊም አገር እናምጣ። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ፣ ሃዛሪባግ በሚባል ሰፈር ከመቶ በላይ ቆዳ ፋብሪካዎች ለአሥርተ ዓመታት ፍሳሻቸውን ወደ ቡሪጋንጋ ወንዝ ሲለቁ ኖረዋል። በዚያም አገር በዒድ አል አድሓ ሌጦ ለመድረሳዎች ይሰጣል፤ ለፋብሪካዎቹም የዓመቱ ትልቁ ገበያ ያ ወቅት ነው። ከብዙ ክስና ክርክር በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ2017 መብራትና ውሃ ተቋረጠባቸውና ከከተማው ውጭ ወዳለው ሳቫር ተዛወሩ። በሳቫር የጋራ ማጣሪያ ጣቢያ ተሠርቶላቸው ነበር። ነገር ግን ጣቢያው የሚመጣለትን ፍሳሽ በአግባቡ ማጣራት ተሳነው። በተለይ ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፍሳሹ ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ውጤቱስ? የቡሪጋንጋ ሰቆቃ ወደ ዳሌሽዋሪ ወንዝ ተሻገረ። የዳካ ሰው አፍንጫ ዐረፈ፤ የሳቫር ዓሣ አጥማጅ ግን ተጎዳ።

ፋብሪካን ማዛወር ክሮሚየምን ማስወገድ አይደለም። በእኛም አገር ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆ ይሂዱ ስንል፣ የሞጆ ወንዝም ወደ ቆቃ እንደሚወርድ፣ በቆቃም ዳር ዓሣ የሚያጠምድና ውሃ የሚቀዳ ሰው እንዳለ አንርሳ።

ከላይ ያለውና ከታች ያለው

በመዲና ዙበይር (ረ.ዐ.) እና አንድ አንሷሪ ዘንባባቸውን በሚያጠጡበት ቦይ ተጣልተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ቀርበው ነበር። የዙበይር እርሻ ከላይ ነበርና ቀድሞ እንዲያጠጣ፣ ከዚያም ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ሊቃውንት ከዚህ የውሃ ሕግ አውጥተዋል። ከላይ ያለ ሰው ቅድሚያ አለው፤ ቅድሚያው ግን በመልቀቅ ግዴታ የታጠረ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ሊለቀቅ የሚገባው ውሃ ነው። ዘንባባ ማጠጣት የማይችል፣ የጎረቤትን መሬት የሚያበላሽ ነገር ለቅቆ «ለቅቄያለሁ» ማለት ግዴታን መወጣት አይደለም።

«አገራችን ድሃ ናት፤ ማጣሪያው ውድ ነው፤ ፋብሪካው ቢዘጋ ሠራተኛው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ አለ። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። በእነዚህ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ወንድሞችና እህቶች የብዙ ቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ በየቀኑም ከኬሚካሉ ጋር የሚውሉት እነርሱው ናቸው። ነገር ግን ማጣሪያው ስላልተሠራ ወጪው የቀረ አይምሰለን። ወጪው አለ። የሚከፍለው ግን ከቆዳው ምንም ያላተረፈው፣ በወንዙ ታች ያለው ሰው ነው። የሚከፍለውም በገንዘብ ሳይሆን በጤናውና በመሬቱ ነው፤ መክፈሉንም ሳያውቅ ነው። በፊቅህ ጥቅሙን የወሰደ ኪሳራውንም ይሸከማል የሚል የታወቀ መሠረት አለ። የድህነት ክርክር ይህንን መሠረት ገልብጦ ጥቅሙን ለላይኛው፣ ኪሳራውን ለታችኛው ያደርገዋል። ድሃን ለመርዳት ሲባል ከእርሱ የባሰውን ድሃ ማስከፈል ፍትሕ አይደለም።

ደግሞም ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። ከበርሜሉ የሚወጣውን የክሮሚየም ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይዞ፣ በማግኒዝየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ ለሚቀጥለው ቆዳ መጠቀም ይቻላል። በሚጣለው ኬሚካል ላይ የወጣው ገንዘብ ከፊሉ ይመለሳል። ቆዳው ብዙውን ክሮሚየም እንዲወስድ የሚያደርግ አሠራርም አለ። በዛፍ ቅርፊት ማልፋትም ለአንዳንድ ዓይነት ቆዳ ዛሬም ይሠራል፤ እርሱም ቢሆን ፍሳሹ ሳይጣራ አይለቀቅም። ዋናው ትምህርት ይህ ነው፦ ክሮሚየምን ለመያዝ የሚቀለው ገና በበርሜሉ ውስጥ ሳለ ነው። ወንዝ ከገባ በኋላ ይከብዳል። አፈርና ጎመን ውስጥ ከገባ በኋላማ ማን ይለቅመዋል?

ሕጉም ቢሆን አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። በሕገ መንግሥቱም ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ተጽፏል። ማጣሪያ ሠርተው የሚያንቀሳቅሱ ፋብሪካዎችም አሉ፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ማጣሪያ መሥራት ግን አንድ ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሌሊት ማጣሪያውን ማብራት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን የሚያስጠብቀው አላህ እንደሚያየው የሚያምን ልብ ነው።

እኛስ?

ተጠያቂውን ሁሉ ስንቆጥር ራሳችንን መርሳት የለብንም። ሌጦውን የሰጠነው እኛ ነን፤ ጫማውን የምንገዛውም እኛ ነን። በኡድሒያው ሌጦ ዋጋ የምንጠነቀቀውን ያህል ሌጦው ስለሚያልፍበት ውሃ ብንጠይቅ ምን ይከለክለናል? ከመካከላችን በቆዳና ሌጦ ንግድ የተሰማሩ፣ በፋብሪካ ድርሻ ያላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ሐላል ገንዘብ የሚባለው ወለድ ያልገባበት ብቻ ነው ወይስ የሰው ጤና ያልተበላበትም ጭምር? ኢማሞቻችን በዓረፋ ኹጥባ ስለ በጉ ዕድሜና ጤንነት የሚያስተምሩንን ያህል ስለ ውሃው ሐቅ አንድ ቃል ቢጨምሩ መልካም ነው።

ዝም ያለ ሰውም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መርከቧ ተሳፋሪዎች የሰጡትን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ብለው መርከቧን ሊበሱ ሲነሡ፣ ከላይ ያሉት ዝም ካሉ ሁሉም ይሰጥማሉ። እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጧል፤ የሚበሱት ከላይ ያሉት ናቸው። የዝምታው ፍርድ ግን ያው ነው።

እኔም ዝምታዬ አላስተኛ ብሎኝ ወደ አቃቂ ተመለስኩ። አዛውንቱን አገኘኋቸው፤ የማውቀውንም ነገርኳቸው። ዓይን ይህን ነገር ሊያይ እንደማይችል፣ ውሃው ጠርቶ ሲታይም ሊኖርበት እንደሚችል፣ ማፍላትም እንደማያወጣው አስረዳኋቸው። በዝምታ ሰሙኝ። ከዚያ መደቡን እያዩ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ምን ላጠጣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። የገባኝ ግን አንድ ነገር ነው። ነግሬያቸው አማናዬን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እውቀቱን ብቻ አምጥቼ ጭነቱን በጫንቃቸው ላይ ትቼው ልመለስ ነበር። እኔም እንደ ፋብሪካው ወደ ታች ለቅቄው መሄዴ ነበር። እርሳቸው ክሮሚየም ገዝተው አያውቁም፤ ቆዳ አልሸጡም፤ ማጣሪያ መሥራትም ሆነ ሌላ ወንዝ ማምጣት አይችሉም። ለእኚህ ሰው «ተጠንቀቁ» ማለት መፍትሔ አይሆንም። የእርሳቸው ጥያቄ መመለስ ያለበት ላይ፣ በርሜሉ ዘንድ ነው። መልሱም የላይኛውን እጅ መያዝ ከሚችለው ከእያንዳንዳችን ይጠበቃል፦ ከባለ ፋብሪካው፣ ከተቆጣጣሪው፣ ከኬሚስቱ፣ ከነጋዴው፣ ሌጦ ከሚሰጠውና ጫማ ከሚገዛው።

ሕያው የሆነን ነገር ሁሉ ከውሃ የፈጠረው አላህ (ሱ.ወ.) የውሃን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። በምናየው ነገር ብቻ ሳይሆን በማናየውም ጭምር አማናችንን የምንወጣ ያድርገን፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም።